አንድ ኮድ ለሁለት ዓይነት ስልክ፦ ከማሠራታችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች

(በሠራተኞች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)





በገጠር ቀበሌ ተረጂዎችን የሚመዘግበው ሠራተኛችን አንድሮይድ ስልክ ይይዛል፤ ሪፖርቱን በመሥሪያ ቤት የሚመለከተው ኃላፊ ደግሞ አይፎን ሊኖረው ይችላል። ቀደም ሲል ለሁለቱም የሚሆን መተግበሪያ ለማዘጋጀት አንዱን በጃቫ ወይም በኮትሊን፣ ሌላውን በስዊፍት ቋንቋ ለየብቻ መጻፍ የተለመደ ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪአክት ኔቲቭን፣ ጎግልም በ2018 መጨረሻ የፍላተርን የመጀመሪያ የተረጋጋ እትም ካወጡ ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተጻፈ ኮድ፣ ከጥቂት ማስተካከያ ጋር፣ በሁለቱም ስልኮች ይሠራል። ለድሆች አገልግሎት በአደራ የተሰጠ ገንዘብ ለምናስተዳድር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም መሣሪያዎቹ የተሠሩት የሀገራችንን ልማድ መነሻ አድርገው አይደለምና፣ አስቀድመን አራት ነገሮችን ልንጠይቅ ይገባል።

አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። ለኮምፒዩተር «ሣራ» እና «ሳራ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» የተለያዩ ስሞች ናቸው። መዝጋቢው በአንዱ ፊደል የጻፋትን እናት እህል አዳዩ በሌላው ፊደል ቢፈልጋት «አልተመዘገበችም» የሚል መልስ ያገኛል፤ እናቲቱም ባዶ ጆንያዋን ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ፍለጋው ግን ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ይቍጠር።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚመጣው የቀን መምረጫ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ታዲያ ጳጉሜን 3 ቀን የተበላሸ የውኃ ፓምፕ በየትኛው ቀን ይመዘገባል? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተብሎ የተሞላውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። መረጃው በቅድሚያ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይተላለፍ። እያንዳንዱ መዝገብ ገና ስልኩ ላይ ሳለ የራሱ መለያ ካልተሰጠው፣ ተቋርጦ ዳግመኛ የተላከው መረጃ አንዱን ቤተሰብ ሁለት ያደርገዋል።

አራተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰረቃልም። የችግረኛው ስምና ችግር በይለፍ ቃልና በምስጠራ ካልተጠበቀ፣ አምኖ የነገረንን ሰው አሳልፈን መስጠታችን ነው።

በበጀታችንም የጥገና ወጪን አንዘንጋ። ስልኮች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ መተግበሪያውም አብሮ ካልታደሰ አንድ ቀን ሥራውን ያቆማል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ በአንድ ወረዳ፣ በአንድሮይድ ስልክ እንጀምር። የመጀመሪያው ፈታኝም ፀሐይና አቧራ ላይ ቆሞ የሚመዘግበው ሠራተኛ ይሁን። እርሱ «ይሠራል» ሲለን ያን ጊዜ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ አይፎኑ እንለፍ፤ ኮዱ አንድ ነውና የጀመርነው ድካም አይባክንም።