ከሎሚ ሻይ እስከ ባቡሩ ምድጃ

ስሙን ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ከባቡር ጣቢያው በወረሰው በለገሃር፣ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ በብርጭቆ በቀረበላችሁ ቀይ ሻይ ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት፣ ቅላቱ ወዲያው ፈዝዞ ወደ ቢጫነት ሲያደላ ታያላችሁ፤ ይህም የሎሚው አሲድ የሻዩን ቀለም ባሕርይ ስለሚለውጠው ነው። አሲድ ማለት በውኃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ፣ ጣዕሙም ኮምጣጣ የሆነ ነገር ሲሆን (የባትሪውን አሲድ ግን ማንም እንዳይቀምስ!)፣ ቤዝ የተባለው ደግሞ እንደ ሳሙና ውኃ በእጅ ሲነካ የሚያሙለጨልጭ፣ የአሲድንም ኃይል የሚያለዝብ ነው፤ ከሁለቱ ተዋሕዶ ጨውና ውኃ ይወለዳሉ፣ ሙቀትም ይወጣል።

ሙቀትን ካነሣን ዘንድ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የባቡር ሐዲድና የዚያን ዘመን ባለ እንፋሎት ባቡር እናስታውስ፤ በምድጃው የሚነደው ነገር ሙቀት ሰጪ ሲሆን፣ በጋኑ ያለው ውኃ ግን ያንኑ ሙቀት እየተቀበለ ወደ እንፋሎት ይለወጥ ነበር። ግንበኛው ከእቶን በወጣ ደረቅ ኖራ ላይ ውኃ ባፈሰሰ ጊዜ ያለ እሳት ሲንተከተክ የሚያየውም ሙቀት ሰጪ ለውጥ ነው፤ ፊቱን ዘወር የሚያደርገውም ኖራው ብርቱ ቤዝ በመሆኑ ፍንጣሪው ዓይን ስለሚያቃጥል ነው።