ቡናና ፕሮቲን፦ በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጅ ገንቢ መጠጥ



በፕሮቲን የዳበረ ቡና በቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት መናገር ለዚህ አዳራሽ የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቁርሳቸውን በአንድ ስኒ ቡና ተክተው ወደ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ጥቂት አለመሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ቡናው ረኃቡን ለጊዜው ያስታግሣል፤ ሰውነትን ግን አይገነባም።

አስቀድመን አንድ ግምት እናርም። ጥሬ የቡና ፍሬ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይዟል። ሆኖም ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና በጀበና ፈልቶ ሲቀዳ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ከአተላው ጋር ይቀራል፤ ወደ ስኒው የሚደርሰው ከአንድ ግራም በታች ነው። ስለዚህ ገንቢው ነገር ከሌላ ምንጭ ሊመጣ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ መሠረት፣ ለአንድ ጤናማ ዐዋቂ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 0.83 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ ሩቡን በአንድ ብርጭቆ ለማግኘት ከውጭ የሚመጣ ውድ ዱቄት አያስፈልግም። 200 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ከ6 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ቅባቱ የወጣለት 20 ግራም የዱቄት ወተት ሲታከልበት ሌላ 7 ግራም ይገኛል፤ ሙሉ ቅባት ያለው ከሆነ 5 ግራም ያህል። ድምሩ ከሁለት እንቁላል ፕሮቲን ጋር ይቀራረባል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ዱቄቱ በሙቅ ቡና ላይ ቢነሰነስ ውጫዊ ገጹ ቶሎ ይርስና ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይፈጥራል። ስለሆነም በመጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት በደንብ ይበጥበጥ፤ ቀጥሎ ከፈላው ወተት ጋር ይቀላቀል፤ በመጨረሻም ቡናው በቀስታ ይጨመር። ወተቱ የሚቆራረጠው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በአሲድ ምክንያት ስለሚሰባሰብ ነው፤ ይህም በፒኤች 4.6 አካባቢ ይፈጸማል። የቡና ፒኤች 5 ገደማ ነውና ትኩስ ወተት ይችለዋል። ውሎ ያደረና መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ግን ሙቀትና አሲድ ሲደራረቡበት ወዲያው ይቆራረጣል።

በጾም ወቅት የአኩሪ አተር ወተት ጥሩ ምትክ ነው። አኩሪ አተሩ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ተጣርቶ በሚገባ መፍላት አለበት፤ በጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን የሚገታ ንጥረ ነገር አለውና። ይህ ወተት ከላም ወተት ይልቅ በቡና ቶሎ ስለሚቆራረጥ፣ ቡናው ጥቂት በረድ ካለ በኋላ ቢቀላቀል ይመረጣል። ለውዝም በፕሮቲን ሀብታም ነው፤ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ግን ያንሰዋል። የሻገተ ለውዝ ፈጽሞ መጣል አለበት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋምና።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በቡና ውስጥ የሚገኙት ፖሊፌኖሎች በእህልና በጥራጥሬ ያለውን ብረት ይዘው ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ይህ በተለይ የብረት እጥረት ለሚያሰጋቸው ሴት ተማሪዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ፕሮቲን መጨመራችን ይህን አያስቀርም። ስለዚህ መጠጡን ከማዕድ ጋር ሳይሆን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መጠጣት ይበጃል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው፦ ቡናችንን ገንቢ ማድረግ በእጃችን ነው፤ ያም ሆኖ እንጀራውን፣ ሽሮውንና ጎመኑን አይተካም። ቁርስ ለመብላት ጊዜ ወይም ገንዘብ ያጣ ተማሪ ካለ፣ ብርጭቆው ለአንድ ጠዋት ይደግፈዋል፤ የጎደለውን ማዕድ መሙላት ግን የእኛ የመምህራንና የተቋማት ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል።