የእድራችን ገንዘብ በብር ይቀመጥ ወይስ በወርቅ?

(ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



«ገንዘባችንን ከባንክ አውጥተን ወርቅ እንግዛበት» የሚለው ሐሳብ በስብሰባም በለቅሶ ድንኳን ሥርም ደጋግሞ ተነሥቷል። ገንዘቡ የሁላችንም መቀበሪያ ስለሆነ ነገሩን በሰከነ ልብ እንመርምረው።

በመጀመሪያ፣ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ አንድ የኢትዮጵያ ብር በንጹሕ ወርቅ ተለክቶ ነበር፤ ልኩም ከግራም ሲሦ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ዛሬ ብር በወርቅ አይለካም፤ የሚቆመው በሚወጣው ገንዘብ መጠንና በሕዝብ እምነት ነው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት ለመሙላት ለብዙ ዓመታት በቀጥታ ሲያበድር ኖሯል። እህሉ ሳይጨምር ብሩ ብቻ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፤ ይህንን ጉልት የምትቸረችረውም እናት አሳምራ ታውቀዋለች።

እስቲ ቁጥሩን እንይ። እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ 1 የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ከዚያ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ቢልም፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ 100 ብር ያስቀመጠ እድር በዓመቱ 107 ብር ያገኛል፤ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ገብቷል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ማለት ይኸው አይደል?

ታዲያ ወርቅ እንግዛ? ቆይ፣ ቀስ እንበል።

አንደኛ፣ ወርቅም ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንዱ አውንስ 850 ዶላር ደርሶ በ1999 ከ260 ዶላር በታች ወርዷል። ያኔ ውድ ላይ የገዛ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያዝን ኖረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከወርቅ ቤት ስንገዛ የእጅ ዋጋ እንከፍላለን፤ ስንሸጥ የሚመዘንልን ወርቁ ብቻ ነው። ባለ 18 ካራቱ ደግሞ ከመቶ 75 እጁ ብቻ ነው ወርቅ፤ ቀሪው ሌላ ብረት ነው።

ሦስተኛ፣ ወርቅ ከመንግሥት እጅ ያስመልጣል የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአሜሪካ ሕዝብ የወርቅ ሳንቲሙንና ጥፍጥፉን በ20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ሒሳብ እንዲያስረክብ አዘዙ፤ በዓመቱ የአውንሱ ዋጋ 35 ዶላር ተደረገ። ሕዝቡ እንደ ልቡ ወርቅ እንዲይዝ የተፈቀደለት በ1974 መጨረሻ ነው።

አራተኛውና ዋናው፣ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሊት ሰው ቢያርፍብን ጠዋት ሣጥን ይገዛል፣ ድንኳን ይተከላል። ያን ጊዜ ገንዘብ ያዡ ወርቅ ይዞ ገዢ ፍለጋ ሲዞር ሐዘንተኛዋ ምን ትሁን? ወርቁስ ማን ቤት ያድራል? ለሌባም ለሐሜትም በር መክፈት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለጥቂት ወራት የቀብር ወጪ የሚበቃው ገንዘብ በባንክ ይቀመጥ፤ ወለዱ ቢያንስም ባስፈለገን ቀን እናገኘዋለን። ከዚያ የተረፈው ዋጋው ሳይብስ ዕቃ ይገዛበት፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት። እነዚህ ብር ሲረክስ አብረው አይረክሱም፤ ለቅሶ በሌለ ጊዜም ለሠርግና ለተዝካር እየተከራዩ ገቢ ያስገባሉ። ወርቅ ግን ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ኪራይ አያመጣም። በመጨረሻም ወርኃዊው መዋጮና ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ክፍያ በየዓመቱ ከገበያው ጋር ይመዘን። ከአሥር ዓመት በፊት የተወሰነ ክፍያ ዛሬ ቢሰጥ እድሩ ቃሉን በወረቀት ጠበቀ እንጂ ሐዘንተኛውን አልረዳም።

በየቤታችን ያለው የእናቶቻችን ወርቅ የየራሳችን ጉዳይ ነው፤ ማንም አያዝበትም። የእድሩ ገንዘብ ግን የጋራ አደራ ነው። እኛ ያየነውን አቅርበናል፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቀን።