ከወደቀ ማሽን የሚተርፍ ምስክር
(በኮዬ ፈጬ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከዚህ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ባለሙያ በአጠገባቸው ሳይኖር ሌትና ቀን የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች በርክተዋል። የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ፣ የክሊኒኩ፣ የትምህርት ቤቱና የፋብሪካው ሥራ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሌሊት ሥራ ቢያቆም፣ ጧት ቢሮውን የሚከፍተው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ይሰካል። ማሽኑ ይነሳል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «መብራት ጠፍቶ ነው።»

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ላይ ይጀምራል። መብራት በእርግጥ የሚጠፋ በመሆኑ፣ መብራት የጠፋበት ሌሊትና የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም ከርነሉ፣ በራሱ ስሕተት የወደቀበት ሌሊት ጧት ላይ አንድ መልክ ይዘው ይገኛሉ። የተበላሸ ራም፣ ጉድለት ያለበት የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር፣ ከመጠን በላይ የጋለ ፕሮሰሰር፣ ሁሉም በመብራት ስም ይሸፈናሉ። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ማሽንን እንደገና ማስነሳት ጥገና ብቻ ሳይሆን ማስረጃን ማጥፋትም ነው። ስለሆነም ማስረጃው የሚያርፍበትን ቦታ ማሽኑ ደህና ሳለ ማዘጋጀት የሙያችን ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ መዝገቡ ስለምን እንደሚጠፋ እንመልከት። ከርነሉ የሚናገረውን ሁሉ መጀመሪያ የሚጽፈው በራም ላይ በተወሰነ ክብ ማኅደር ውስጥ ነው። ሌላ ፕሮግራም ከዚያ እያነበበ ወደ ዲስክ ይገለብጠዋል። ነገር ግን ከርነሉ በድንጋጤ፣ ባለሙያዎች «ፓኒክ» በሚሉት ሁኔታ፣ ሲቆም ገልባጩም አብሮት ይቆማል። ከርነሉም ቢሆን በዚያች ሰዓት በራሱ የፋይል ሥርዓት ላይ እምነት ሊጥል አይችልም፤ አእምሮው የተናወጠ ጸሐፊ መዝገብ ላይ እንዳይጽፍ እንደሚከለከል ሁሉ፣ የተበላሸ ከርነል በዲስክ ላይ እንዲጽፍ ቢፈቀድለት ጤነኛውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላልና። በመሆኑም የምንፈልጋቸው የመጨረሻዎቹ መስመሮች በራም ላይ ብቻ ይቀራሉ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ እነርሱም ይጠፋሉ።

ይህ ከጥንት የነበረ ችግር አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት ኮምፒዩተሮች ማስታወሻቸው ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ስለነበር፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዙትን አይለቁም ነበር። ዛሬም የወደቀ ፕሮግራም ማስታወሻ ግልባጭ «ኮር ደምፕ» የሚባለው «ኮር» ይባሉ ከነበሩት ከእነዚያ ቀለበቶች የተነሳ ነው። ሴሚኮንዳክተር ራም ሲተካቸው ፍጥነትና ርካሽነት ተገኘ፤ ጽናቱ ግን ቀረ።

ምስክሩ ከማሽኑ ተለይቶ እንዲኖር ማድረግ ምን ያህል እንደሚጠቅም አገራችን በመራራ ሐዘን አይታዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ከተነሳ ስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የበረራ መዝጋቢዎቹ በማግሥቱ ተገኙ፤ የያዙትም መረጃ በፈረንሳይ አገር ተነበበ። በዚያው ወር በ26 የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ በግራ በኩል ካለው የማዕዘን መለኪያ የመጣ የተሳሳተ ቁጥር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንዳስገፋው አሳየ። ያ መዝገብ ባይተርፍ ኖሮ በአብራሪዎቹ ላይ የተሰነዘረው ጥርጣሬ የሚመዘንበት ነገር ባልኖረ ነበር። የአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር መቆምን ከዚያ እልቂት ጋር ማስተካከል አይገባም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ መዝጋቢው የተሠራው አውሮፕላኑ ሊወድቅ እንደሚችል ታምኖበት ነው።

የሊኑክስ ከርነልም ለዚህ የሚሆኑ ማኅደሮችን አዘጋጅቷል። አራቱን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛው «ራምኡፕስ» ነው። ከራሙ ላይ ጥቂት ቦታ ተከልሎ ከርነሉ ለሌላ ሥራ እንዳይነካው ይደረጋል፤ በፓኒክ ጊዜ የመጨረሻው መዝገብ እዚያ ይጻፋል። ማሽኑ ኃይል ሳይቋረጥበት ከተነሳ መዝገቡ በቦታው ይገኛል። በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ ከርነሉ የገባው «ፒስቶር» የተባለው ሥርዓት ደግሞ እንደ ፋይል አድርጎ ያሳየናል። ይህ መንገድ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ሶኬት ከተነቀለ ግን ከንቱ ነው።

ሁለተኛው በፒስቶር አማካይነት በማዘርቦርዱ የዩኢኤፍአይ ማኅደር ወይም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደተቻለው ለዚሁ በተለየ የዲስክ ክፍል ላይ መጻፍ ነው። ይህ መብራት ቢጠፋም ይቆያል። የዩኢኤፍአይ ማኅደር ግን ጠባብ ነው፤ ሲሞላ መነሳት ያቃታቸው ማሽኖች ታይተዋል። ስለዚህ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር መዝገቡ ወደ ዲስክ እየተዛወረ ከማኅደሩ መሰረዝ አለበት።

ሦስተኛው በ2005 እ.ኤ.አ. የገባው «ኬደምፕ» ነው። በተከለለ ራም ውስጥ ተጠባባቂ ከርነል ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ዋናው ሲወድቅ ይህ ጤነኛ ተጠባባቂ ተነስቶ የሟቹን ማስታወሻ ሙሉውን ወደ ዲስክ ይገለብጣል። ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሰጠው ይህ ነው። ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ራም ለዘወትር ስለሚይዝ ለትናንሽ ማሽኖች ይከብዳል።

አራተኛው «ኔትኮንሶል» ነው። ከርነሉ እያንዳንዱን መስመር እንደተናገረ በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። የሱሉልታው ማሽን ቢወድቅ ቃሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይገኛል። ሆኖም መልእክቱ ያለ ምሥጢራዊነት ስለሚጓዝ በተጠበቀ መስመር ውስጥ ካልሆነ አይመከርም።

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ፤ ሦስቱን ሌሊቶች እንዴት እንለያለን? ከርነሉ በፓኒክ ወድቆ ከሆነ፣ በፒስቶር ውስጥ የድንጋጤው ቃል ከነምክንያቱ ይገኛል። ማሽኑ ድምፅ ሳያሰማ ደርቆ «ዋችዶግ» የተባለው ሰዓት ቆጣሪ አስነስቶት ከሆነ የድንጋጤ ቃል አይኖርም፤ ራምኡፕስ የኮንሶሉን ንግግር ዘወትር እንዲጽፍ ታዞ ከሆነ ግን ከመድረቁ በፊት የነበሩት የመጨረሻ መስመሮች ይገኛሉ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ፤ በዚህ ጊዜ የዩፒኤሱ መዝገብ ይጠየቃል። ባዶነት ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ የነቀለ እጅም ያንኑ ባዶነት ይፈጥራልና።

ስለዚህም በፓኒክ ጊዜ ከርነሉ በ10 ሰከንድ ውስጥ በራሱ እንዲነሳ ማዘዝ ይገባል። በብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ሰው እስኪመጣ ለዘላለም መጠበቅ ማለት ነው። የሚመጣው ሰው ደግሞ የሚያውቀው ሶኬቱን ነው። በራሱ የሚነሳ ማሽን ሶኬቱን ከሚነቅል እጅ ይድናል፤ መዝገቡም ከእርሱ ጋር ይድናል።

ሦስት ማሳሰቢያዎች ልጨምር። መጀመሪያ፣ ያልተፈተነ መዝጋቢ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ማሽኑ ለአገልግሎት ከመሰጠቱ በፊት በሲስሪኩ ትእዛዝ ሆን ብላችሁ ጣሉት፣ ሲነሳም ቃሉን ፈልጉ። አንዳንዱ ማሽን በሚነሳበት ጊዜ ራሙን ስለሚያጸዳ ራምኡፕስ የማይሠራ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሙሉ የማስታወሻ ግልባጭ የደንበኛን ስም፣ የሕሙማንን መረጃ፣ የይለፍ ቃልንም ሊይዝ ስለሚችል እንደ ምሥጢር ሰነድ ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ከርነሉ ጊዜን የሚቆጥረው ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ የሰዓት ባትሪ በሌላቸው ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ ከመብራት መጥፋት በኋላ የቀኑ አቆጣጠር ስለሚሳሳት፣ ሰዓቱ ከኔትወርክ ሳይስተካከል የተጻፈውን መዝገብ ከሌላ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ማስረጃ በሌለበት ቦታ ጥፋቱ የሚያርፈው መልስ መስጠት በማይችለው ላይ ነው፤ በሌሊት ጥበቃው፣ በጽዳት ሠራተኛዋ ወይም በጀማሪው ቴክኒሻን ላይ። ካርዱ የተበላሸበት ማሽን ግን ጥበቃው ቢቀየርም መውደቁን አይተውም። አበው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ ከውድቀት በኋላ የሚከፈት መዝገብም ከዚያ አይለይም። በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችን ከምናስተዳድራቸው ማሽኖች በጣም ሩቅ የሆነውን አንዱን እንምረጥ፤ ሰኞ ከመውደቁ በፊት ምን ብሎ ሊነግረን እንደሚችል እንጠይቀው። መልስ ከሌለው፣ ሥራችን ከዚያ ይጀምራል።