በበዓለ ኀምሳ ወራት ሰውነትን ስለ መጠበቅ የተነገረ ቃል



በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተለይቶ የቆየ ሆድ በፋሲካ ሌሊት የቀረበለትን ሁሉ ባንድ ጊዜ መሸከም አይችልም። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ አስቀድመው ተልባ ያጠጡናል፤ ዶሮ ወጡም ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ይከተላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ ይችላልና በእሳት የበሰለው ይሻላል። ጠላውና ጠጁ በልክ ይሁን። የስኳር ወይም የደም ብዛት ሕመም ያለበትም ሰው በዓል ነው ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ስለዚህ አስቀድመን የድኻውን ድርሻ እናንሣ፤ ጾሙን በትዕግሥት እንደ ፈጸምን ፍስኩንም በትዕግሥት እንፈጽመው።