ስለ ገጠራችን የተነሡ ፊልሞችና የእኛ ፈንታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። የምናገረው ስለ ፊልም ነው። ፊልም ስል ለጨዋታ የሚታየውን ማለቴ አይደለም፤ የአየሩ ጠባይ በተለወጠበት በዚህ ዘመን የአፍሪካ ገበሬ ምን እንደሚደርስበትና ምን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ዘጋቢ ፊልም ማለቴ ነው።

ነገሩ ለአርብ ገበያ ልጆች ሩቅ አይደለም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ገደልና ተረተር የበዛባቸው አገሮች ናቸው። ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ፣ ቀድሞ ሲወጣ፣ ወይም የብዙ ቀን ዝናብ በአንድ ቀን ሲወርድ የሚጎዳው የወላጆቻችን ማሳ ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ አፈራችንም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ወርዷል። ይሁን እንጂ ምድርን ከሚያሞቀው ጭስ የመላው አፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 ገደማ ብቻ ነው። ዕዳውን ያመጣው ሌላ፣ ከፋዩ ግን የእኛ ገበሬ ሆኗል።

ዓለም ገጠራችንን በፊልም ያወቀው በክፉ ቀን ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ አንሥቶ «ያልታወቀው ረኃብ» በሚል ስም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አሳየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚንና እንግሊዛዊው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፉት ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ፤ ከዚያም የተነሣ ብዙ እርዳታ መጣ። እነዚህ ፊልሞች የብዙ ሰው ነፍስ አትርፈዋልና ልንነቅፋቸው አይገባም። ነገር ግን ገበሬው በእነርሱ ውስጥ የታየው እጁን ዘርግቶ ብቻ ነው። የሚያርሰው፣ የሚክበውና የሚተክለው እጅ አልታየም።

አሁን ግን ሌላ ዓይነት ፊልም መጥቷል። «ኢትዮጵያ ራይዚንግ» የተባለው ፊልም በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃን ሕዝብና መሪያቸውን አባ ሓዊን ያሳያል። ድርቅ አገሩን ባራቆተው ጊዜ ሕዝቡ ለቆ ሊሄድ ተቃርቦ ነበር። ነገር ግን ከብቱን ከተራራው ከለከለ፣ እርከን ሠራ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃውም ተመለሰ። በ2004 ዓ.ም. ኢኳቶር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ኬንያዊው ገበሬ ኪሲሉ ሙስያ ደግሞ ጁሊያ ዳር ከተባለች የኖርዌይ ፊልም ሠሪ ካሜራ ተቀብሎ የራሱን ቤተሰብ ኑሮ ራሱ አነሣ። ዐውሎ ነፋስ ቤቱን ሲያፈርስበት፣ ጎረቤቶቹን ዛፍ እንዲተክሉ ሲለምን፣ በ2008 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ሲገኝ፣ ይህ ሁሉ «ስለ ዝናቡ እናመሰግናለን» በተባለው ፊልም ይታያል። ካሜራው በገበሬው እጅ ሲገባ ገበሬው የሚታዘንለት መሆኑ ቀርቶ የሚናገር ሰው ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ጄረሚ ሲፈርት ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ያነሣው አጭር ፊልም ነው። «እመጓ»ን የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሊቅ ናቸው፤ ብዙ ጥናታቸውንም ያደረጉት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መክረው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ረድተዋል። ካቡ ከብት ስለሚከለክል ቡቃያው ሳይረገጥና ሳይጋጥ ያድጋል፤ ድንጋዩም ከማሳው የተለቀመ ስለ ሆነ ገበሬው ለእርሻው ይቀለዋል። በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ይገኛል ማለት ነው።

ይህን ፊልም ባለፈው ክረምት ለአያቴ በስልክ አሳየኋቸው። የ77ቱን ክፉ ቀን ያዩ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «እንዲህ ያለ ድንጋይማ በእኛም ማሳ ሞልቷል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ይህን ያነሣው ሰው ተመልሶ ለባለቤቶቹ አሳያቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቅም፣ አባባ» አልኋቸው። «እንግዲያው አንተ የተማርከው ለምንድን ነው?» አሉኝ። አፈርሁ። እኔ ፊልሙን ያየሁት ለፈተና ዕረፍት ያህል ነበር፤ እርሳቸው ግን ለማሳቸው መድኃኒት ፈለጉበት።

አንዳንድ ሰው፣ «ፊልም ዝናብ አያመጣም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ካብ የሚከበውም በክንድ እንጂ በሥዕል አይደለም። ሆኖም ሰው ሌላው ገበሬ የሠራውን በዓይኑ ሲያይ፣ «እኔስ?» ማለት ይጀምራል። የአያቴ ምስክርነት ለእኔ በቂዬ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከትምህርት ቤታችን ክበባት አንዱ በዓርብ ቀን ገበያው ሲበተን እነዚህን ፊልሞች በነጭ አቡጀዴ ላይ ያሳይ፤ ንግግሩንም ተማሪዎች በአማርኛ ያስረዱ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ለክረምት ወደ ቀያችን ስንመለስ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት ባልቴት ቃል በስልካችን እንቅረጽ፤ የደረቀው ምንጭ የት ነበር? ዘሩ የሚዘራው በየትኛው ሳምንት ነበር? አሁንስ መቼ ሆነ? ነገር ግን አስቀድመን እናስፈቅዳቸው፤ የቀረጽነውንም መልሰን እናሳያቸው።

እኔ ዘንድሮ ፈተናዬን ጨርሼ እሄዳለሁ። ወዴት እንደምሄድ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን ከመሄዴ በፊት የአያቴን ጥያቄ ልመልስ እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልችልምና እርዱኝ።