መንገዱና ኬላው
ስለ እህል ገበያ፣ ስለ መዘዋወርና ስለ መናገር ነጻነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ፣ ሐይቅንና ውጫሌን ወደ ኋላው ትቶ ሲወርድ፣ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መርሳ ይደርሳል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያ እስከ ወልዲያ የሚቀረው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአካባቢው ሜዳ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ወንዝ የተጠለፈለት ማሳ ደግሞ ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይሰጣል። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በሲሪንቃም ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚስማማ ዘር የሚያወጣ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በአጭሩ አገሩ መሬትም፣ ውኃም፣ ዕውቀትም፣ መንገድም አልተነፈገውም።

መንገዱ የቆየ ነው። አስመራን ከደሴና ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው ይህ አውራ ጎዳና በመኪና መንገድነት የተዘረጋው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር እንዲጠገኑ ከታሰቡት የሀገሪቱ ዋና ዋና መንገዶች መካከል ነበረ። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የዛሬው ጥያቄ ከዚህ ላይ ይነሣል። እንዲህ ያለ መንገድ በደጁ የሚያልፍለት ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያው መንገድ ዳር በረኀብ የወደቀው ስለምን ነው?

ለመሐንዲስ የመጀመሪያው መልስ የመንገድ ማነስ ነው። እርግጥ ነው፤ ከአውራ ጎዳናው ርቆ በተራራ ላይ ለሚኖረው ሕዝብ የመንገድ ማነስ ትልቅ ችግር ነበረ። ነገር ግን የ1966ቱ ርሃብተኞች ተሰብስበው የታዩት ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን ረኀብ መርምረው እንዳስረዱት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረኀቡ ክብደት አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል እንደ ነበረ የሚያመለክት መረጃ አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰብሉ የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ረኀብ በገበያ ዋጋ ላይ አይነበብም። መኪናውም እህሉን ገዢ ወዳለበት ይዞ ሄደ።

ገበያው ያልተናገረውን ሰው ሊናገረው ይገባ ነበር። በዚያን ጊዜ የተዘጋው ግን የሰው አፍ ነው። ባለሥልጣኖች ወሬውን ሸሸጉት፤ ጋዜጦችም ዝም አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ለዩኒቨርሲቲውም ኅብረተሰብ አሳዩ። ከእነርሱም አንዱ የመልክዐ ምድር ምሁሩ መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ዓለም ግን ጉዳዩን በሰፊው ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል በነበረበት ሀገር የተራበ ሰው ቁጥር እንኳ እንደ ክስ ይቆጠር ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ከዚያ በኋላ ስለ ረኀብ መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት መካከል ዋናው ሆኑ። ረኀብን ያጠና ሰው ወደ ሰብአዊ መብት መሄዱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ሌላኛውን በር ዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛን ከባለመሬት ቀንበር ማላቀቁን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም መሬቱን የሰጠው እጅ ብዙ ሳይቆይ ምርቱን ያዘ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይሰበስብ ጀመር። በየገበሬው ማኅበር ኮታ ተደለደለ። የተቆረጠው ዋጋ ከገበያው ዋጋ በብዙ ያነሰ ነበር፤ ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ገበሬ ጎድሎ የተገኘውን ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከ ማስረከብ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ነጋዴውም በአንዳንዱ ክፍለ ሀገር ፈጽሞ ተከለከለ፤ በሌላው ደግሞ ከገዛው እህል ከፊሉን ለድርጅቱ እንዲሸጥ ተገደደ። ከዚህ የወጣ ሁሉ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ፈጻሚ ተባለ።

የዚህ ሥርዓት መሣሪያ ኬላው ነበረ። ኬላ በቅርጹ እጅግ ቀላል ነገር ነው፤ በመንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶ፣ በመካከሉ የተወጠረ ገመድ፣ በዳሩ አንዲት ጎጆ። መንገዱን ለመሥራት ድልድይ፣ የድጋፍ ግንብ፣ የውኃ መውረጃና የብዙ ዓመት ድካም ያስፈልጋል፤ ያንን ሁሉ ከንቱ ለማድረግ ግን አሥር ክንድ ገመድ ይበቃል።

ነገሩ በመሐንዲስ ቋንቋ ሊገለጽ ይችላል። ሁለት የውኃ ማጠራቀሚያዎች በአንድ ቧንቧ ቢገናኙ፣ ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ያለው ውኃ ይፈስሳል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት የቧንቧው መጋተር የሚያስከትለው ብቻ ይሆናል። የሁለት ገበያ ዋጋም እንዲሁ ነው። ንግድ ነጻ በሆነበት በመርሳና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የእህል ዋጋ ልዩነት ከመጓጓዣው ወጪና ከነጋዴው መጠነኛ ትርፍ እምብዛም አይርቅም። ቧንቧው ሲዘጋ ግን እህል የተረፈው ገበሬ በርካሽ ይሸጣል፤ እህል ያጣው በውድ ይገዛል። አንዱ የሚያመርትበትን ምክንያት ያጣል፤ ሌላው የሚበላውን ያጣል። ሁለቱም የሚጎዱት በአንድ ገመድ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሁለቱም በሮች በአንድነት ተዘግተው ተገኙ። እህል በነጻ አይዘዋወርም፤ ቃልም እንዲሁ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ ለውጭ ለጋሾች ችግሩን አስታውቆ ነበር። ይሁን እንጂ መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ሕዝቡ ስለ ረኀቡ በአደባባይ እንዲነጋገር አልተፈቀደም። ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ከመርሳ በስተሰሜን በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከቆረም የተላለፈው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። እንደ 1966ቱ ሁሉ የወሎ ሰው ስለ ወሎ ሰው ሞት በሰፊው የሰማው በባዕድ አንደበት ነው። ድርቁ፣ ጦርነቱና የፖሊሲው ስሕተት ተደራርበው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ከዚያም በመልሶ ማስፈር ዘመቻ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ከመካከላቸውም ፈቃዱ ያልተጠየቀው ብዙ ነው። ስለዚህ ያው መንገድ ገበሬው እህሉን ሊያጓጉዝበት ያልተፈቀደለት፣ እርሱ ራሱ ግን ያለ ውዴታው የተጓጓዘበት መንገድ ሆነ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጀ፤ ኮታው ቀረ፤ የእህል ንግድ ገደብ ተነሣ። በዚህ ውሳኔ አዲስ መንገድ አልተሠራም፤ አዲስ ድልድይም አልተጣለም። የተፈታው ገመዱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በየገበያው መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ ትርፍ አምራች በሆኑ አካባቢዎችም የገበሬው መሸጫ ዋጋ ተሻሻለ። ከመንገድ ሥራ ሁሉ ርካሹ ኬላን ማንሣት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለቱንም በሮች በጽሑፍ ከፍቷል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ፣ አንቀጽ 32 የመዘዋወር፣ አንቀጽ 41 ደግሞ በማናቸውም የሀገሪቱ ክፍል በኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብትን ይደነግጋል። ጽሑፉ ግን በመርሳ መንገድ ላይ ብዙ ተፈትኗል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ፣ ወልዲያና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ ባንክ፣ መብራትና ስልክ ተቋረጡ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአሥር ወር በኋላ ዘመኑ አበቃ። በዚያም ጊዜ መንገዶች በየጊዜው ተዘጉ፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ጊዜ ጠፋ፤ ብዙ ሰዎችም ያለ ክስ ታሰሩ። መንገድን የዘጋው መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ታጣቂዎችም ዘግተዋል። ለገበሬው ግን ገመዱን የያዘው ማን መሆኑ ብዙ ለውጥ የለውም። በተዘጋ መንገድ ላይ የቆመ የፓፓያ ጭነት የዘጊውን ማንነት ሳይጠይቅ ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ሊመለሱ ይገባል። አንደኛው፣ በ1966 ዓ.ም. ገበያው ክፍት እያለ ሕዝብ ስላለቀ የንግድ ነጻነት ድኻን አያድንም የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው። የንግድ ነጻነት ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘብ ያጣውን ሰው ድምፅ የሚያሰማለት የመናገር ነጻነት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ መንግሥት እህል እንዲያቀርብ ወይም በሥራ ገንዘብ እንዲያስገኝ ይገደዳል። ዋጋ ያለውን ሰው ፍላጎት ይናገራል፤ የሌለውን ሰው ፍላጎት የሚናገረው አንደበት ነው። ስለዚህ አንዱን ነጻነት ከሌላው ነጥሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጸጥታ ነው። ጦርነት ባለበት አካባቢ ተሽከርካሪ መፈተሹ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መሣሪያን መፈተሽና ማሽላን ማገድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በሕግ የተወሰነ፣ ጊዜው የታወቀ፣ ኃላፊው የሚጠየቅበት ፍተሻ ጸጥታን ያገለግላል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የሚጠየቅበት፣ መቼ እንደሚከፈት የማይታወቅ ኬላ ግን ጸጥታን አያመጣም፤ ሕግ የሚያከብረውን ነጋዴ ከመንገድ አውጥቶ ጉልበተኛውን ብቻ ያስቀራል።

ይህ ሁሉ ለመሐንዲስ ሙያ ምን ይመለከተዋል? በመጀመሪያ፣ የመንገድ ጥናት ሲዘጋጅ የነዳጅ፣ የጎማና የጊዜ ቁጠባ ተሰልቶ የመንገዱ ጥቅም በብር ይተመናል። በዚያ ስሌት ኬላ አይታይም። ከመርሳ ደሴ በጥቂት ሰዓት እንዲደረስ ተብሎ በተሠራ መንገድ ላይ መኪናው ግማሽ ቀን ገመድ ሥር ቢቆም፣ በወረቀት የተጻፈው ጥቅም በምድር ላይ የለም። ስለዚህ የኬላዎች ብዛት፣ የሚያቆሙት ሰዓትና የሚያስወጡት ወጪ እንደ ቁልቁለትና እንደ ኩርባ ሁሉ ተለክቶ በጥናቱ ውስጥ መግባት አለበት። የተለካ ነገር ለመካድ ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ልኬቱ ሳይከለስ መቅረብ አለበት። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የጠፋው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ የሚያደርስ ነጻ ሰው ነበር የጠፋው። አለቃ የሚወደውን ቁጥር የሚጽፍ ባለሙያ የኬላ ጠባቂውን ሥራ በቢሮ ውስጥ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ይህን ኃላፊነት ግለሰብ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም፤ ማኅበር ያስፈልገዋል። በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲፈርስና ከዚያ በኋላ በምትኩ ለመንግሥት የሚታዘዝ ማኅበር ሲቆም፣ ከሠራተኛው የተወሰደው የደመወዝ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ እውነትን በጋራ የመናገር ጉልበትም ነበር። የሙያ ማኅበርም መሪዎቹን ራሱ እስከ መረጠና የጥናቱን ውጤት በራሱ መጽሔት እስካተመ ድረስ ብቻ ማኅበር ይባላል።

ለዚህ አርአያ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በወሎ ባህላዊ መስኖ ተጠቃሚዎቹ የውኃ አባት ይመርጣሉ። እርሱም ውኃውን በተራ ያዳርሳል፤ የተጣላን ያስታርቃል፤ አድልዎ ከተገኘበት ይወርዳል። ገበሬው ስለ ውኃው ተራ በግልጽ መናገር ባይችል ኖሮ፣ ቦዩ የላይኞቹን ማሳ ብቻ አጠጥቶ የታችኞቹን ያደርቅ ነበር። ቦዩን ያቆየው ድንጋዩና ጭቃው ብቻ ሳይሆን፣ ከታች ያለው ሰው ወደ ላይ ወጥቶ «ተራዬ ደርሷል» ለማለት ያለው መብት ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ ጉባኤ አንድ የተወሰነ ሥራ እንዲጀምር ይጠየቃል። ከደሴ እስከ ወልዲያ ያለው መንገድ ለመነሻነት ተመርጦ በላዩ ያሉት ኬላዎች ይቈጠሩ፤ የሚያቆሙት ጊዜና የሚያስከፍሉት ገንዘብ ይመዝገብ፤ ውጤቱም ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና ለሕዝብ በእኩል ቀን ይገለጽ። ሥራው ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የእጅ ሰዓት፣ መዝገብና ያዩትን ለመጻፍ የሚደፍሩ ሰዎች ይበቁታል።